የኬንያና የደቡብ አፍሪካ አየር መንገዶች አንድ ቢሆኑ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምመረምረው ነገር ገና ያልተፈጸመ፣ ይፈጸማል ተብሎም በእርግጥ የማይነገር፣ ቢፈጸም ግን የአህጉራችንን ሰማይ መልክ ሊለውጥ የሚችል አሳብ ነው፤ ይኸውም የኬንያ አየር መንገድና የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ፣ ሁለቱም በየአገራቸው እንደ ሰንደቅ ዓላማ የሚከበሩ፣ ሁለቱም በቅርቡ ዘመን በዕዳና በኪሳራ እጅግ የተፈተኑ ድርጅቶች፣ ወደ አንድ ኩባንያ ቢጠቃለሉ ምን ይከተላል የሚለው ጥያቄ ነው። የነገሩ ሰነዶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆኑ እኔም ዘመናቱን በዚያው አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ።

አሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ2021 በሴፕቴምበር ወር ሁለቱ አየር መንገዶች ተባብረው ለመሥራት የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበርም የኬንያው ፕሬዚዳንት ደቡብ አፍሪካን በጎበኙበት ሰሞን ከፊተኛው የሰፋ የአጋርነት ውል ጨመሩበት፤ የውሉም ፍጻሜ እስከ 2023 ድረስ መላውን አፍሪካ የሚያገለግል አንድ የአየር መንገዶች ቡድን በጋራ መመሥረት እንዲሆን ታሰበ። የተባለው ዓመት መጣ፤ አለፈም፤ ቡድኑ ግን አልተመሠረተም። ይሁን እንጂ ሁለቱን ወደዚያ ውል የገፋቸው ችግር ዛሬም በቦታው ስላለ፣ አሳቡን ከመቃብር እንደ ወጣ ነገር ሳይሆን ገና እንዳልበሰለ ነገር አድርገን ብንመለከተው ይሻላል።

ሁለቱን አየር መንገዶች ታናናሾች ብዬ የምጠራቸው ለንቀት እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። በዛሬው ዓለም ከባሕረ ሰላጤው መንግሥታት፣ ከአውሮጳና ከቱርክ የሚነሡት ታላላቅ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን በመቶዎች በሚቈጥሩበት ዘመን፣ አውሮፕላኖቹ በአሥር ቤት የሚቈጠሩለት ድርጅት ታናሽ ነው። አፍሪካ ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 18 ያህሉ የሚኖርባት አህጉር ስትሆን፣ ከዓለም የአየር ጉዞ የምትይዘው ድርሻ ግን ከመቶ ከ3 ያልበለጠ መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ የሁለት ድርጅቶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ከአንድ የአፍሪካ ርእሰ ከተማ ወደ ሌላው ለመሻገር በፓሪስ ወይም በዱባይ እንዲዞር የተፈረደበት መንገደኛ ሁሉ ጉዳይ መሆኑ ይገለጥልናል። የራሳችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ስለ በረታ የጎረቤቶቻችን ድካም ረብሕ ያመጣልናል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ በእኔ አስተያየት ተሳስቷል፤ ደካማ ጎረቤት ሰማዩን ይዘጋል እንጂ አይከፍትምና።

አሁን ወደ ሁለቱ የትውልድ ታሪክ እንለፍ፤ ያለ እርሱ የሚመጣውን መገመት አይቻልም።

የኬንያ አየር መንገድ ራሱ ከፈረሰ ኅብረት የተወለደ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ባደረገበት በ1946፣ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ የተባለው ድርጅት በናይሮቢ ተቋቁሞ ኬንያን፣ ዩጋንዳን፣ ታንጋኒካንና ዛንዚባርን ማገልገል ጀመረ። ከነጻነት በኋላም ኬንያ፣ ዩጋንዳና ታንዛንያ በጋራ ያዙት፤ ሱፐር ቪሲ 10 የሚባሉትን፣ በዘመናቸው ከታላላቆቹ የሚቈጠሩትን የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች አስበረረ፤ በክብርም በሥራም የሚያኰራ ድርጅት ሆነ። ነገር ግን የአብራሪው ጥበብና የመካኒኩ ትጋት የማያድኑት ሕመም በውስጡ ነበረ። ናይሮቢ የአስተዳደሩም የጥገናውም መንበር ስለ ነበረች፣ ሥራውና ደመወዙ፣ የዕቃው ግዢና የቤቱ ኪራይ ሁሉ በዚያ ይከማች ነበር፤ ታንዛንያና ዩጋንዳም መዋጮውን እኛ እንከፍላለን፣ ትሩፋቱን ኬንያ ትበላለች ማለት ጀመሩ። በዚያ ላይ ዳሬሰላም ወደ ሶሻሊዝም፣ ናይሮቢ ወደ ነጻ ገበያ ሲሄዱ፣ ካምፓላ ደግሞ በኢዲ አሚን እጅ ስትወድቅ፣ ሦስቱ መሪዎች በአንድ ገበታ መቀመጥ እንኳ አቃታቸው። የሚገባውን ዕዳ ያልከፈለው ማን ነው በሚል ክስና መልሶ ክስ መካከል በ1977 መጀመሪያ ላይ አውሮፕላኖቹ ቆሙ፤ በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም አብሮ ፈረሰ። የኬንያ አየር መንገድ የተመሠረተው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለናይሮቢ ሰው ስለ ውሕደት ሲነገረው አዲስ ነገር አይነገረውም፤ ያየው የቤተ ሰብ ጠብ ይታወሰዋል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ አጭር ነው። በ1996 የሆላንዱ ኬኤልኤም ከመቶ 26 የሚሆነውን ድርሻ ገዛ፤ አክሲዮኑም ለሕዝብ ተሸጠ፤ ድርጅቱ ብዙዎች የሚያመሰግኑት ምሳሌ ሆነ። ቀጥሎም ለሰፊ ዕድገት ብሎ አዳዲስ አውሮፕላኖችን በብድር አመጣ፤ ገቢው እንደ ታሰበው ስላልመጣ ዕዳው ከበደ፤ በ2017 መንግሥትና አበዳሪ ባንኮች ዕዳቸውን ወደ አክሲዮን ለውጠው ዋነኞች ባለቤቶች ሆኑ። ከብዙ ዓመታት ኪሳራ በኋላ በ2024 5.4 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ያህል ትርፍ አሳየ፤ ሆኖም በ2025 የመጀመሪያ መንፈቅ በዋናነት ሦስት ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች ለጥገና በመቆማቸው እንደገና ወደ ኪሳራ ተመለሰ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉት። ዘጠኝ ያህል ሰፋፊ አውሮፕላኖች ያሉት ድርጅት ሦስቱ ሲቆሙበት የረዥም መንገድ ጉልበቱን ሢሶ ያጣል፤ ዘጠና ያሉት ግን ሦስት ቢቆሙበት መንገደኛው ሳያውቅ ያልፋል። የታናሽነት እውነተኛ ሕጸጽ ይህ ነው።

የደቡብ አፍሪካው በ1934 የተመሠረተ፣ በዕድሜ ከአህጉራችን ቀደምት አየር መንገዶች አንዱ ነው። በአፓርታይድ ዘመን ግን የመንግሥቱን ኃጢአት ዋጋ ከፍሏል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ በተመሠረተበት በ1963 ብዙዎቹ የአፍሪካ መንግሥታት ሰማያቸውን ስለ ዘጉበት፣ ወደ አውሮጳ የሚበሩት አውሮፕላኖቹ የምዕራብ አፍሪካን ጠረፍ በውቅያኖስ በኩል እየዞሩ ለነዳጅ በደሴት ላይ ማረፍ ግድ ሆነባቸው። የዘረኝነት ሥርዓት ሲወድቅ ሰማዩ ተከፈተለት፤ አስተዳደሩ ግን በፖለቲካ ጣልቃ ገብነትና በብክነት እየታመመ ሄዶ በዲሴምበር 2019 በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ወደሚደረግ የማዳን ሥርዓት ገባ፤ በ2020 በረራውን አቆመ፤ በሴፕቴምበር 2021 እጅግ አንሶ ተመለሰ። ከመቶ 51 የሚሆነውን ድርሻ ለግል ባለሀብቶች ለመሸጥ የተጀመረው ድርድርም በ2024 ፈርሷል። እንግዲህ የአጋርነቱ ውል የተፈረመው አንደኛው ከአልጋው በተነሣ በሁለተኛው ወር ነበረ ማለት ነው።

እንደዚህ ያሉ ሁለት ድርጅቶች ቢጣመሩ ምን ያተርፋሉ? የአየር መንገድ ሸቀጥ መቀመጫ ነው፤ አውሮፕላኑ ከምድር በለቀቀ ጊዜ ባዶ የሆነው መቀመጫ ነገ ሊሸጥ፣ በመጋዘንም ሊቀመጥ የማይችል ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ብልሃቱ ሁሉ ከብዙ አቅጣጫ የሚመጡትን መንገደኞች በአንድ ማእከል አገናኝቶ አውሮፕላኑን መሙላት ነው። በዚህ ነገር የአኃዝ ኃይል ይገርማል። ከአንድ ማእከል ወደ 10 ከተሞች የሚበር አየር መንገድ፣ ማእከሉን ከየከተማው ጋር 10 ጊዜ፣ ከተሞቹንም እርስ በርሳቸው 45 ጊዜ አገናኝቶ 55 ጥንድ ጉዞ ይሸጣል። ሁለት እንዲህ ያሉ አየር መንገዶች ለየብቻቸው 110 ጥንድ ይሸጣሉ። ከተሞቻቸው ተለይተው ማእከላቸው አንድ ቢሆን ግን 20 ከተሞች 210 ጥንድ ይሆናሉ። ገና አንድ አውሮፕላን ሳይጨመር የሚሸጠው ዕጥፍ ሊሆን ደረሰ፤ የውሕደት ሰባኪዎች ሁሉ የሚመኩበት ሂሳብ ይህ ነው።

ሂሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን «ማእከላቸው አንድ ቢሆን» የምትለዋ ቃል ከሁሉ የከበደች ናት። ናይሮቢና ጆሃንስበርግ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የአራት ሰዓት በረራ ነው። ከሉሳካ ወደ ለንደን የሚሄድ መንገደኛ በጆሃንስበርግ ቢያልፍ ወደ ደቡብ ወርዶ እንደገና ወደ ሰሜን መውጣቱ ነውና፣ ለአውሮጳና ለእስያ መንገድ ናይሮቢ ትሻላለች። ጆሃንስበርግ ደግሞ ወደ ሳኦ ፓውሎና ወደ አውስትራሊያዋ ፐርዝ ለሚሻገር ሰው የተመቸች፣ በራሷም ሀብትና በመንገደኛ ብዛት ናይሮቢን የምትበልጥ ከተማ ናት። እኔ ሁለቱን ከተሞች ስመዝን፣ አንድ የጋራ ኩባንያ ቢኖር ዋናው የመገናኛ ማእከል ናይሮቢ፣ የደቡቡ ውቅያኖስ በር ጆሃንስበርግ መሆን ይገባዋል እላለሁ፤ ግን ከሁለቱ በሀብት የምትበልጠው አገር ሁለተኛውን ስፍራ በፈቃዷ ትወስዳለች ብሎ መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አልሰውርም።

ከዚህም በኋላ የብረቱ ነገር አለ። ናይሮቢ ቦይንግ 787ንና ቦይንግ 737ን፣ ለአጭር መንገድም የብራዚሉን ኤምብራየር 190 ታበራለች፤ ጆሃንስበርግ ኤርባስ ኤ320ን፣ ኤ330ንና ኤ340ን ትይዛለች። የቦይንግ አብራሪ ዛሬ ተነሥቶ ኤርባስ ማብረር አይችልም፤ በማስመሰያ ተምሮ አዲስ ፈቃድ ሊቀበል ይገባዋል። የመለዋወጫው መጋዘን ሁለት፣ የመካኒኩ ትምህርት ሁለት፣ የሞተሩ የጥገና ውል ሁለት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁለቱ ብዙ ዓይነት አውሮፕላን በጥቂት በጥቂቱ የሚይዝ አንድ ድርጅት ይሆናሉ፤ ይህም በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚያስወጣ አያያዝ ነው።

በዓለም አቀፍ ማኅበራት ረገድም ተለያይተዋል፤ የደቡብ አፍሪካው ከ2006 ጀምሮ የስታር አልያንስ፣ የኬንያው ከ2010 ጀምሮ የስካይ ቲም አባል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2011 ወደ ስታር አልያንስ ስለ ገባ፣ ጆሃንስበርግ ዛሬ በማኅበር የምትጎዳኘው ከናይሮቢ ይልቅ ከአዲስ አበባ ጋር ነው። አንድ ሲሆኑ አንዱ ወዳጆቹን መተው አለበት።

የሠራተኛውን ነገር ባጭሩ ልንካው። አብራሪዎች በቅጥር ዘመን ቅደም ተከተል የተጻፈ መዝገብ አላቸው፤ ማን ካፒቴን እንደሚሆን፣ ማን ትልቁን አውሮፕላን እንደሚያበርር፣ ማን በመጀመሪያ እንደሚሰናበት የሚወስነው ያ መዝገብ ነው። በአሜሪካ ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት በ2005 ሲዋሐዱ፣ ሁለቱን መዝገቦች እንዴት እንደሚያቀላቅሉ የተነሣው ሙግት በ2013 ድርጅቱ ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ እንኳ አልተፈታም ነበር። ያ በአንድ አገር፣ በአንድ ሕግ ሥር የሆነ ነገር ነው፤ በሁለት መንግሥታት መካከል ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው አስቡት።

አሁን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ወደ ሆነው ወደ ሕጉ ደርሰናል፤ እዚህ ላይ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

በ1944 በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ቃል ኪዳን በመጀመሪያው አንቀጹ እያንዳንዱ መንግሥት በምድሩ ላይ ባለው ሰማይ ፍጹም ልዕልና እንዳለው ደነገገ። ከዚህ የተነሣ አንድ አየር መንገድ ወደ ሌላ አገር የሚበርረው ሁለት መንግሥታት በተዋዋሉት የአየር አገልግሎት ስምምነት መሠረት ብቻ ነው፤ ከእነዚህ ስምምነቶች አብዛኞቹም አየር መንገዱ በዋና ባለቤትነትና በእውነተኛ የአመራር ሥልጣን የሰየመው መንግሥት ወይም የዜጎቹ እንዲሆን ይጠይቃሉ። እንግዲህ የኬንያው አየር መንገድ ወደ ለንደን ወይም ወደ ኒው ዮርክ የሚበርረው የኬንያ ስለሆነ ነው። ግማሹ የደቡብ አፍሪካ የሆነ ዕለት፣ ሦስተኛው ወገን «ይህ እኔ የተዋዋልሁት አየር መንገድ አይደለም» ብሎ በሩን የመዝጋት መብት ያገኛል። ከዚህ በተጨማሪ በደቡብ አፍሪካ ሕግ በአገር ውስጥ የሚበርር ድርጅት ከመቶ 75 የሚሆነው የድምፅ መብት በነዋሪዎቿ እጅ እንዲሆን ግዴታ ነው። ስለዚህ ባለ ገንዘቦች በአንድ ጀንበር የሚያስቡት ውሕደት፣ ሁለቱን ድርጅቶች በገዛ እጃቸው ካላቸው ርስት ሁሉ የሚበልጠውን፣ ማለትም የበረራ መብታቸውን ሊያሳጣቸው ይችላል።

ታዲያ መንገድ የለምን? አለ። ኤር ፍራንስና ኬኤልኤም በ2004 ሲዋሐዱ በላያቸው አንድ የበላይ ኩባንያ አቁመው፣ ከሥሩ ሁለቱን አየር መንገዶች በየስማቸው፣ በየቀለማቸው፣ በየመንበራቸው በፓሪስና በአምስተርዳም አኖሩ፤ የኬኤልኤም የድምፅ መብትም በሆላንዳውያን እጅ እንዲቆይ ልዩ ሥርዓት ተሠራለት። የኬንያ ሰዎች ኬኤልኤምን በባለ አክሲዮንነት ስለሚያውቁት ይህ ጥበብ ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። ይህን አሠራር ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ከመቀናጆ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በተራ እርሻቸውን ያርሳሉ፤ በሬው ግን ማታ ወደየጌታው በረት ይመለሳል። በመቀናጆ የሚነሣው ጠብ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዝናሙ ሲጥል በመጀመሪያ የማን እርሻ ይታረስ የሚለው ነው። በአውሮጳም እንዲሁ ሆነ፤ ከውሕደቱ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ የሆላንድ መንግሥት ፈረንሳዮች ሳያውቁ ከጋራው ኩባንያ ከመቶ 14 ያህሉን አክሲዮን ገዝቶ ከእነርሱ ጋር እኩል ድምፅ ለመያዝ ተሯሯጠ። ሀብታሞችና በአንድ ማኅበር የተሳሰሩ መንግሥታት እንኳ ጥርጣሬያቸውን አላሸነፉትም።

በአህጉራችንም ሕጉ ከምናስበው በላይ ተስፋ ይሰጣል። በ1999 የተወሰነው የያሙሱክሮ ውሳኔ፣ አንድ የአፍሪካ መንግሥት ባለ ድርሻ የሆነበትን፣ የብዙ መንግሥታት የጋራ የሆነ አየር መንገድ የራሱ አድርጎ እንዲሰይም ይፈቅዳል፤ በጃንዋሪ 2018 በአዲስ አበባ የታወጀው የአፍሪካ አንድ ወጥ የአየር ትራንስፖርት ገበያም ይህንኑ ውሳኔ በተግባር ለማዋል የታሰበ ነው። ኬንያና ደቡብ አፍሪካ ሁለቱም በዚህ ገበያ ስማቸውን ካስመዘገቡት አገሮች መካከል ናቸው። ስለዚህ በአፍሪካ ውስጥ ለሚደረገው በረራ የሕጉ በር በጽሑፍ ተከፍቷል፤ የቀረው በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ፈቃድ ነው።

ፈቃዱ ከሌለ ምን እንደሚሆን ኤር አፍሪክ አሳይቶናል። በ1961 ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆኑ 11 መንግሥታት በያውንዴ ባደረጉት ውል አቋቋሙት፤ መንበሩ አቢጃን ነበር፤ ለአርባ ዓመትም የምዕራብ አፍሪካ ኩራት ሆኖ ኖረ። ካሜሩን በ1971፣ ጋቦንም ጥቂት ቆይታ የራሳቸውን አየር መንገድ ፈልገው ወጡ። የቀሩት ባለ ሥልጣናቶቻቸውን በነጻ ያሳፍሩ፣ ዘመዶቻቸውን ያስቀጥሩ ጀመር። በ1994 የሴፋ ፍራንክ ዋጋ በግማሽ ሲወርድ፣ በውጭ ገንዘብ የተበደረው ዕዳ በአንድ ሌሊት ዕጥፍ ሆነበት፤ በ2002 ተዘጋ። የምንዛሪው ጉዳት ብቻውን አልገደለውም፤ በሚታመምበት ሰዓት ሁሉም ባለቤት ነኝ ሲል፣ ለመድኃኒቱ የሚከፍል አንድ ኃላፊ አልተገኘለትም።

ስለ መንገደኛውም እንናገር፤ ስለ እርሱ የሚሟገት ጠበቃ በእንዲህ ያለ ድርድር ላይ ብዙ ጊዜ አይቀመጥምና። ሁለት ተወዳዳሪዎች በሚበሩበት መስመር ላይ አንድ ብቻ ሲቀር የትኬቱ ዋጋ ወደ ላይ ማየቱ የታወቀ ነው። በጃንዋሪ 2024 በቦስተን የተቀመጠ የፌዴራል ዳኛ የአሜሪካዎቹን አየር መንገዶች የጄትብሉንና የስፒሪትን ውሕደት የከለከለው፣ በርካሽ ዋጋ የሚጓዘው ድሀ ይጎዳል ብሎ ነው። ግን የታሪኩን ቀሪ ክፍልም ካልነገርኋችሁ እውነቱን አጎድላለሁ፤ ስፒሪት በዚያው ዓመት በኖቬምበር በኪሳራ ሕግ ሥር ጥበቃ ለመጠየቅ ተገደደ። እንግዲህ ውሕደትን መከልከል ደካማውን ሁልጊዜ አያድነውም። በእኛ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ኬንያ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ የሆነው የኮሜሳ አባል ስትሆን ደቡብ አፍሪካ አይደለችም፤ ስለዚህ የሁለቱን ውሕደት ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ የሚመረምርና ስለ መንገደኛው የሚፈርድ የጋራ ዳኛ የለም። የአፍሪካ ኅብረት ይህን ክፍተት ሳይደፍን ስለ አንድ የአፍሪካ አየር መንገድ ማውራት፣ በእኔ አስተያየት፣ ጣሪያውን ከግድግዳው በፊት ማቆም ነው።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለቱ በቅርብ ዘመን አንድ ኩባንያ አይሆኑም፤ ወዲያው ባይሆኑም አላዝንም። የምመኘው በማይታየው ሥራ በመጀመሪያ እንዲጣመሩ ነው፤ የአብራሪና የመካኒክ ትምህርት ቤታቸውን፣ የነዳጅና የመድን ግዢያቸውን፣ የትኬት ሽያጫቸውን አንድ ያድርጉ፤ ጆሃንስበርግ ካላት የቆየ የጥገና ሙያ ናይሮቢ ትጠቀም፤ ናይሮቢ ካላት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ መስመር ጆሃንስበርግ ትጠቀም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሎሜ በሚገኘው በአስካይ፣ በማላዊ አየር መንገድም የአናሳ ድርሻ ይዞ ሲሠራ ያደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ስሙንና መብቱን ለአገሩ ባለቤት ትቶ፣ አውሮፕላንና ሙያ ይዞ ገባ። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ በዚያ አንዱ ብርቱ፣ ሌላው ተረጂ መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር። በናይሮቢና በጆሃንስበርግ መካከል ግን ማን መሪ፣ ማን ተከታይ እንደሚሆን የተስማማ ሰው የለም፤ ይህ እስካልተነገረ ድረስ የሚፈረመው ሰነድ ሁሉ ዕድሜው አጭር ይሆናል።

ወደ ፊት ከሁለቱ ከተሞች ወሬ ስትሰሙ፣ ነገሩ ከልብ መሆኑን የምታውቁት አዲስ ስም ሲወጣና አውሮፕላኖቹ አዲስ ቀለም ሲቀቡ አይደለም። ሁለቱ መንግሥታት ከሌጎስ፣ ከአክራ፣ ከኪንሻሳና ከለንደን ጋር ያሏቸውን የአየር አገልግሎት ስምምነቶች ከመዝገብ ቤት አውጥተው፣ የባለቤትነቱን አንቀጽ አንድ በአንድ ለማሻሻል መደራደር በጀመሩ ጊዜ ነው።